የአያ አድማሱ ፍሪሲዮን

በእኛ አገር ሰው ሁሉ ሁለት ሙያ አለው፤ አንዱ የሚተዳደርበት ነው፣ ሌላው መካኒክነት ነው። አላምንም የምትሉ ካላችሁ፣ ከደምበጫ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ መኪና ቆሞ ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን ሲያስገባ ጠብቁ። ጤፍ ሊያጭድ የሚሄደው ገበሬ ማጭዱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ይቆማል። ቄሱ ጥላቸውን አጥፈው ይጠጋሉ። ከገበያ የምትመለሰው ሴት እንስራዋን ታወርዳለች። ከዚያ አንዱ «ውሃ ጠምቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ባትሪው ነው» ይላል፤ ቄሱ ደግሞ «መጀመሪያ እስቲ ትንሽ ይረፍ» ይላሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ብዙ ጊዜ ልክ የሚሆኑት ቄሱ ናቸው።

እንዲህ የምንሆነው ስለምናውቅ አይደለም። የቆመ ነገር ማየት ስለማይሆንልን ነው። ካልገፋን፣ ዕቃ ካላቀበልን፣ ሌላው ቢቀር ካልመረቅን፣ ሰው የሆንን አይመስለንም። መልካም ጠባይ ነው፤ አልሰድበውም። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር የደረሰውም በመልካም ጠባይ እንጂ በክፋት አይደለም። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ አንዱን ሰው ረግሜ እገላገል ነበር።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ፤ የምኖረውም አያ አድማሱ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አያ አድማሱ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ ድሮ ከመንገድ ሠሪዎች ጋር በሾፌርነት አገር ለአገር የዞረ፣ ረጅምና ድምፀ ጎርናና ሰው ነበር። ያን ሥራ ሲተው በሐራጅ ከተሸጡት አሮጌ ላንድሮቨሮች አንዷን ገዛ። ላንድሮቨሯ የእሱ ናት ይባል እንጂ የአገሩ ሁሉ ነበረች። ሙሽራ ታመጣለች፣ ሕመምተኛ ታወርዳለች፣ ከተማ የሞተውን ሰው ወደ ትውልድ መንደሩ ትመልሳለች። አውቶቡስ ስሙ ብቻ በሚታወቅበት ገጠር ሁሉ፣ ፈረስ ቤት ወደሚባለው ከተማ በሚያወጣው ዳገት ሳይቀር፣ የእሷ ጎማ ያልረገጠው ጭቃ አልነበረም። አያ አድማሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ይህቺን እጅ ታያታለህ?» ይለኛል መዳፉን ዘርግቶ። «ይህቺ እጅ የነካችው ብረት አይለግምም።» ሰውየው ያለ ጉራ ቁርስ አይወርድለትም ነበር፤ የሚያናድደው ግን ጉራው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ሆኖ መገኘቱ ነው።

ከእኛ ጋር እናቱ እሜቴ የሺ ነበሩ። የተወለዱት ቡሬ አጠገብ ከአዊ ቤተሰብ ነው፤ ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከላሞቻቸውና ከእግዚአብሔር ጋር ግን በአገውኛ ነው የሚነጋገሩት። ከወለዷቸው ልጆች የቀሩላቸው አድማሱና ታናሽ እኅቱ ስንዱ ብቻ ናቸው። ስንዱ ፈረስ ቤት ሳይደረስ፣ ዳገቱ አናት ላይ ባለ መንደር፣ ሞላ ለሚባል ገበሬ ተድራ ትኖራለች። በዚያ ዓመት ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ እዚያው ዳገት ላይ ሲወለድ ሞቶባታል፤ እሷም የተረፈችው በስንት መከራ ነው። ስለዚህ እሜቴ የሺ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ይህኛውን እዚያ አትወልደውም። ወሯ ሳይገባ አምጣልኝ፤ ሐኪም ባለበት፣ እኔ ባለሁበት ትውለድ» አሉት። አያ አድማሱም «በዚህችው መኪና አመጣልሻለሁ፣ እምዬ» ብሎ ቃል ገባ።

ቃሉን በሰጠ በጥቂት ቀን ፍሪሲዮኑ አለቀ።

ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ እኔም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሞተሩ ለብቻው ይዞራል፣ ጎማው ለብቻው ቆሟል። በመካከላቸው ፊቱ ሸካራ የሆነ አንድ ክብ ዲስክ አለ። ሾፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሣ ያ ዲስክ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ብረት ላይ ይጣበቃል፤ የሞተሩም ጉልበት ወደ ጎማው የሚያልፈው ያ ሸካራ ፊት ጨምድዶ ስለሚይዝ ብቻ ነው። ከለሰለሰ አይይዝም። ካልያዘ ደግሞ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይንቀሳቀስም። የቀበሌያችንን ስብሰባ ተቀምጦ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

አያ አድማሱ ግራ እግሩን ፔዳሉ ላይ እያሳረፈ መንዳት ይወድ ነበር፤ እግር ሲያርፍ ዲስክ ያልቃል። ላንድሮቨሯ በመጨረሻ ባዶዋን እንኳ ከገበያው በላይ ያለችውን ትንሽ አቀበት አልወጣም አለች። በዚያን ዘመን መለዋወጫ ሱቅ ተገብቶ አይገዛም። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ይለመናል፤ ዘመድም ሌላ ዘመድ ይለምናል። ዲስኩ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ሲደርሰን ሠፈሩ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሊለን መጣ። የከተማው መካኒክ ግን ለውትድርና ከሄደ ሰንብቷል። ባሕር ዳር ድረስ ለማስጎተት የሚጎትት መኪና ያስፈልጋል፤ ነዳጅ በኩፖን ነው፤ መንገዱም የይለፍ ወረቀት ይፈልጋል። አያ አድማሱ ይህን ሁሉ አስቦ አስቦ ሲያበቃ መዳፉን ዘረጋና «እዚሁ ግቢያችን ውስጥ እንቀይረዋለን» አለ። «እንቀይረዋለን» ሲል እኔን መጨመሩን ያወቅሁት መፍቻ ሲያስጨብጠኝ ነው።

ወንበሩን አወጣን፣ ወለሉን ነቀልን። ፍሪሲዮኑ ያለው ሞተሩና ካምቢዮው በሚጋጠሙበት ቦታ ስለሆነ፣ ካምቢዮው ወደ ኋላ ካልተሳበ አይገኝም፤ ካምቢዮ ማለት ማርሹ ያለበት ትልቁ ብረት ነው፣ የጥጃ ያህል ይከብዳል። ጋራዥ ያለው ሰው ማንሻ አለው፤ እኛ የነበረን የባሕር ዛፍ ግንድና ጠፍር ነው። ግንዱን በሁለቱ በሮች አሳልፈን አጋደምነው፣ ካምቢዮውን በጠፍሩ አንጠለጠልነው፣ ጎረቤቱ ተጠርቶ «በርታ፣ አይዞህ» እየተባለ ሊሳብ ሲል አንዲት ባልቴት በአጥሩ ላይ ብቅ አሉና «በሚካኤል ቀን ብረት ይቀጠቀጣል?» አሉ። እውነትም ቀኑ ሚካኤል ነበር። አያ አድማሱ «መፍታት እኮ ሥራ አይደለም፣ ሥራ የሚባለው መግጠሙ ነው» ብሎ ሊከራከር ሞከረ። እሜቴ የሺ ከቤት ውስጥ ሆነው አንድ ጊዜ ሳሉ። ካምቢዮው በጠፍሩ እንደተንጠለጠለ አደረ።

በማግሥቱ አሮጌው ዲስክ ወጣ፤ ፊቱ ተፍቆ ተፍቆ ሚስማሮቹ ወጥተዋል። አያ አድማሱ አዲሱን ዲስክ መሀል ለመሀል የሚያቆምበትን እንጨት ከወይራ ጠርቦ ሠራ፤ ዲስኩ ቦታውን ይዞ ካልቆመ ካምቢዮው ተመልሶ አይገባምና። ጥርቡን እያገላበጠ ሲያየው ደስ ብሎት ነበር። ዲስኩን በንጹሕ ጨርቅ ጠረገና መደቡ ላይ ጆንያ አንጥፎ አኖረው። ልንገጥም እጅጌያችንን ስንሰበስብ የቀበሌ ጥሪ መጣ፤ አባወራ ሁሉ ለስብሰባ ይውጣ ተባለ። የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር እንደሚቀርበት የታወቀ ነው። አያ አድማሱ ሲወጣ ዞር ብሎ ለግቢው ሁሉ «ይህን ዕቃ ማንም እንዳይነካው» አለ። እንግዲህ በእኛ አገር «ማንም» ሲባል እናትን አይጨምርም። ይህን ግን እኔም እሱም በጊዜው አላሰብነውም።

ስብሰባው ምርትን ስለማሳደግ ነበር። ምርቱን ማሳው ላይ ጥለን ስለማሳደጉ ተነጋግረን ስንመለስ፣ ላብ ያጠመቃት በቅሎ በራችን ላይ ታስራ አገኘን። የሞላ ወንድም ታከለ ነው የመጣው። ስንዱን ወሯ ሳይደርስ ምጥ ይዟታል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጨንቃት አድሮ ጎሕ ሲቀድ ታከለን ላኩት።

«ጎረቤቱ ቃሬዛ ጠፍሮ ተሰብስቧል» አለ ታከለ። «ተሸክመን እንውረድ ወይስ መኪናው ይመጣል? ይህን ጠይቀህ በቶሎ ተመለስ ብለውኛል።»

አሁን ልብ በሉልኝ፤ የዚህ ሁሉ ነገር እንብርቱ ይህ ጥያቄ ነው። አያ አድማሱ መደቡ ላይ ያለውን ዲስክ አየ። ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። ከዚያ እናቱን አየ። እሜቴ የሺ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው በሩ መቃን ላይ ተደግፈዋል።

«በቃሬዛ እንዳትነኳት» አለ። «ያ ዳገት ሲያንገላታት ትሞትብናለች። እኔው እመጣለሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጃችሁ ነኝ በላቸው።»

ታከለ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ በቅሎዋን ፈትቶ ተመለሰ። እኛም ሥራ ጀመርን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ ቢሆንም ያን ቀን ማንም ረጋ ብላችሁ ሥሩ ሊለን አይችልም ነበር። እጃችን ሁሉ ግራሶ ነው። አያ አድማሱ ዲስኩን ከመደቡ ሲያነሣ «አየህ? አዲስ ዕቃ እኮ ወዙ ልዩ ነው» አለኝ። እኔም ወዙን አየሁና ልዩ ነው አልኩ። የወይራው እንጨት ገባ፣ ብሎኑ ተጠበቀ፣ ካምቢዮው በጎረቤት ትከሻ ተመለሰ። እሜቴ የሺ ለስንዱ ጋቢ አጥፈው ከኋላ ወንበር ላይ አኖሩ። ሞተሩ ሲነሣ በአገውኛ አንድ ነገር አሉ፤ ቋንቋውን ባላውቀውም አሜን አልኩ።

ሜዳው ላይ ላንድሮቨሯ እንደ ድሮዋ ሆነች። ማርሹ ያለ ጭቅጭቅ ይገባል፣ መኪናዋ ትስባለች። የተከመረውን ጤፍ ግራና ቀኝ እያሳለፍን ስንሄድ አያ አድማሱ መዳፉን ዘርግቶ መሪውን መታ መታ አደረገው። ጉራ መጀመሩ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ «ስንዱዬ፣ ጠብቂኝ» ብቻ አለ።

ዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ጮኸ፣ ጎማው ዝም አለ። አያ አድማሱ ማርሽ ቀነሰ። ሞተሩ የባሰ ጮኸ፣ እኛ ግን ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ዘልዬ ወርጄ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አስገባሁ። ከወለሉ ሥር ጭስ ይወጣል። መጀመሪያ የተቃጠለ ላስቲክ መሰለኝ። ቀጥሎ የሸተተኝን ነገር ለመናገር አፈርኩ። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነው፤ በዚያ ሁሉ አገር ቅቤ የጣደ ሰው የለም። እኔን የሸተተኝ ግን ለጋ ቅቤ ሲነጠር ነው።

«አያ አድማሱ፣ ቅቤ ይሸትሃል?» አልኩት።

ወርዶ ከመኪናው ሥር በጀርባው ገባ። ከፍሪሲዮኑ ቤት ሥር አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ጣቱን በእሷ አስገብቶ አወጣ። እግሮቹ ብቻ ይታዩኛል።

«እምዬ ናት» አለ ከሥር።

የቁጣ ድምፅ አልነበረም። ምናለ የቁጣ በሆነ ብዬ እስከዛሬ አስባለሁ።

እሜቴ የሺ አዲስ ነገር ቅቤ ሳያስነኩ ሥራ አያስጀምሩም ነበር። አዲስ ጠፍር ሲመጣ ቅቤ ይጠጣል። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አናቷ ላይ ቅቤ ይደረጋል። የተወለደ ሕፃን የዚህን ዓለም ምግብ የሚጀምረው በቅቤ ነው። ቅቤ በእሳቸው ዘንድ ምርቃት ነው፤ የደረቀው ይራስ፣ የሻከረው ይለስልስ ማለት ነው። እኛ ስብሰባ ስንሄድ፣ ልጃቸውን ሊያመጣላቸው የተዘጋጀው ዕቃ መደቡ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አዩት። ደረቅ ነው። ሸካራ ነው። አዘኑለት። ዲስኩም የተሰጠውን ሁሉ ጠጣ።

እዚያ ዳገት ላይ ቆሜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። እኛ ሰዎች ነገርን በማለስለስ የምንኖር ነን። ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ልከን እናለሰልሳለን፤ እውነት ሲመረን በሰም እንለብጠዋለን፤ ባለሥልጣን ሲቆጣ አንገት ሰብረን እናሳልፈዋለን። እንዲህ ባንሆን ኖሮ በዚያ ዘመን ስንቱ ቤት በፈረሰ ነበር። ነገር ግን በዓለም ላይ ሸካራ ሆኖ ካልያዘ በቀር ምንም የማይጠቅም ነገርም አለ። ያን ቀን የስንዱ ነፍስ የተንጠለጠለችው በእንዲህ ያለው ላይ ነበር።

ዲስኩን አውጥቶ በቤንዚን ማጠብ ነበር መፍትሔው፤ ለዚያ ግን ግንዱም፣ ጠፍሩም፣ ጎረቤቱም ፍኖተ ሰላም ነው የቀረው። አያ አድማሱ መንገድ ሥራ ላይ ሳለ ያየውን ብልሃት ሞከረ፤ በዚያችው ቀዳዳ ደረቅ አፈር በተነባት። ላንድሮቨሯ አንድ ጊዜ ያዝ አድርጋ ጥቂት ወጣች፣ ከዚያ እንደገና ለቀቀች። ሌላ አፈር በተንን። ጤፍ አጫጆች ከማሳቸው ሮጠው መጡና ገፉን፤ ምን እንደሆነ ሲጠይቁን አያ አድማሱ «ብቻ ግፉ» አላቸው። እየገፋን፣ ድንጋይ እያስገባን፣ አፈር እየበተንን ስንወጣ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። አያ አድማሱ በየመካከሉ ቀና ብሎ ዳገቱን ያያል። ቃሬዛ ሲወርድ ለማየት ይሁን እንዳያይ እየተመኘ ይሁን አላውቅም።

ቃሬዛው ወረደ። ታከለ የአያ አድማሱን ቃል ካደረሰላቸው በኋላ ሰው ሁሉ መንገድ መንገዱን እያየ ተቀምጦ ነበር። ጠፍሩን ሳይቀር ፈተውት ነበር፤ መኪና ለሚመጣለት ሰው ቃሬዛ ምን ያደርጋል? ነገሩ ሲዘገይባቸው፣ እሷም ስትደክም፣ እንደገና ጠፍረው ተሸክመዋት ወጡ። ሞላ ከፊት ነው የተሸከመው። እኛን ቆመን ሲያየን እርምጃውን አፈጠነ።

ስንዱን ወደ መኪናው ስናስገባት ዓይኗን ገልጣ ወንድሟን አየችው።

«አያ፣ መጣህልኝ» አለች።

ቁልቁለቱን ላንድሮቨሯ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ወረደች፤ ለመውረድ ፍሪሲዮን አያስፈልግም። ሐኪም ቤቱ ደጅ ስንደርስ ግን ስንዱ በሕይወት አልነበረችም፤ ልጁም አልነበረም። ሐኪሙ አይቷት ሲያበቃ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን» አለ። በማለዳ በቃሬዛ ቢያነሷት ትተርፍ ነበር? አላውቅም፤ ሐኪሙም አያውቅም። ይቺን ቃል ግን ሞላ ሰምቷታል፣ አያ አድማሱም ሰምቷታል።

በሣልስቱ ለቀስተኛው ተሰብስቦ ሳለ እሜቴ የሺ ከመደባቸው ቀና አሉ። እስከዚያ ድረስ ከዋይታ በቀር ቃል አልወጣቸውም ነበር።

«ያ ብረት ምን ሆነ?» አሉ። «እኔ እኮ በገዛ እጄ ቅቤ ቀብቼ መርቄዋለሁ። ስንዱን አምጣልኝ ብዬዋለሁ። ምን ጎደለው?»

ከለቀስተኛው መካከል ነገሩ የገባን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። እኔ እግሬ ሥር ያለውን አፈር አየሁ።

«ዕቃውስ ደኅና ነበር፣ እምዬ» አለ አያ አድማሱ። «እኔ ነኝ። ቸኩዬ ብሎኑን በደንብ አላጠበቅሁትም።»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ሞላ ተነሥቶ ወጣ። እሜቴ የሺ ልጃቸውን ብዙ ካዩት በኋላ «በእጅህ አምኜ ነበር» አሉት።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በጉራው ስንት ዘመን የተቃጠለ ሰው ሁሉ ያን ሰሞን አንደበቱ ተፈታ። ጠላ ቤት ውስጥ «ብሎን ማጥበቅ የማይችል መካኒክ» ተብሎ ተሳቀበት። ሞላ በገበያ ሲያገኘው መንገድ ይቀይራል። አያ አድማሱ ካምቢዮውን እንደገና አውርዶ ዲስኩን በቤንዚን አጥቦ ገጠመው፤ ላንድሮቨሯም ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያን ዳገት ያለ ችግር ወጣች። የታመመ ያለበት ሰው ግን ቃሬዛ ይመርጥ ነበር። ይህንንም ሁሉ ቻለው። ያልቻለው አንድ ነገር ነው። እሜቴ የሺ በየጠዋቱ ልጃቸው ከቤት ሲወጣ «ውጣ፣ በሰላም ግባ፣ እጅህ ይባረክ» እያሉ ይመርቁት ነበር። ከዚያ ወዲህ ተዉት። አልረገሙትም፣ አልከለከሉትም፤ እህል ውሃው ይቀርብለታል፣ ልብሱ ይታጠብለታል። ምርቃቱ ብቻ ቀረ። እሱ ግን በየጠዋቱ በሩ ላይ ትንሽ ቆም ይላል፤ ሲያጣው ነጠላውን ያስተካክልና ይወጣል። ይህን ዓመት ካመት ከክፍሌ ሆኜ አይ ነበር፤ ያንገበግበኛል።

አንድ ቀን አልቻልኩም። «ለምን አትነግራቸውም? አላወቁም፤ ባለማወቅ የተደረገ ነገር ኃጢአት አይደለም» አልኩት።

«ልጇን ቀብራለች» አለኝ። «በእጅሽ ነው የገደልሻት ልበላት? ከዚያ በኋላ በየትኛው እጇ ልታማትብ ነው?»

ገና አልጨረሰም ነበር።

«ደግሞስ፣ በቃሬዛ እንዳትነኳት ያልኩት እኔ አይደለሁም? ቅቤውን እሷ ቀባች፤ ጠብቁ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። የትኛችን እንደሆንን እግዜር ይወቀው። እኔ የምሸከመው እያለኝ የእሷን ብጨምርበት ምን ይበዛብኛል?»

አስተማሪ ነኝ፤ ለሁሉ ነገር መልስ አለኝ ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ። ያን ቀን ግን ተነሥቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

እሜቴ የሺ ያረፉት ደርጉ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሕመሙ ሲጠናባቸው የንስሐ አባታቸው መጥተው አናዘዟቸው፣ ቆረቡም። ከዚያ «አድማሱን ጥሩልኝ» አሉ። እኔ ትራሳቸውን ደግፌ ይዤ ስለነበር አልወጣሁም። አያ አድማሱ ገብቶ በርከክ አለ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ያ ትከሻው ጎብጧል።

«ልጄ» አሉት፣ «በሆዴ ይዤብህ ኖርኩ። ስንዱን በእጅህ አጣኋት ብዬ ቂም ያዝኩ። አሁን ቂም ይዤ ወደ ፈጣሪዬ ልሄድ አይሆንም። ይቅር ብዬሃለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ።»

የንስሐ አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ አሁን ይናገር ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ይናገር ብዬም ተመኘሁ። አያ አድማሱ ዝቅ ብሎ የእናቱን ጉልበት ሳመ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እምዬ» አለ። «ይቅር በይኝ።»

«ብዬሃለሁ» አሉና እጃቸውን አናቱ ላይ አኖሩ። «እጅህ ይባረክ።»

ወደ ደጅ ስንወጣ መደቡ ላይ ቁጭ አለና በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገ። እንደተበደለ ሰው ያዝናል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሱ ግን ቀና ብሎ እንደ ሕፃን ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ከልቧ ይቅር ያለችኝ ይመስልሃል?» አለኝ።

ሁሉን የማውቀው እኔ ነበርኩ። የቅቤውን ሽታ አውቃለሁ፣ ብሎኑ ጠብቆ እንደነበርም አውቃለሁ፣ ራሴ ነኝ ያጠበቅሁት።

«ከልባቸው ነው፣ አያ አድማሱ» አልኩት።